ሽማግሌ የላከው ሰው ጣራ ላይ ነው

ኤርምያስ ፕላስቲክ ያውቃል። ሌላ ነገር ያውቃል ብዬ አልምልላችሁም፤ ፕላስቲክ ግን ያውቃል። የመን አገር፣ ኤደን ከተማ፣ ክሬተር በሚባለው ሰፈር ውስጥ የማንም ሰው የውሃ ታንኪ ቢሰነጠቅ የሚጠራው እሱ ነው። ጣራ ላይ ይወጣል፣ ከስንጥቁ ጫፍ በምላጭ ትንሽ ይልጣል፣ በክብሪት ያቃጥልና ጭሱን ያሸታል። የጠፋ ሻማ ከሸተተው ፊቱ ይበራል፤ "ፖሊኢትሊን ነው፣ ይድናል" ይላል። ጭሱ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ከሆነ ፒቪሲ ነውና ቶሎ አጥፍቶ ይወረውረዋል። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተው ደግሞ ናይለን ነው። ይህን ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ስለ ጤንነቱ መጠየቁ አይቀርም።

ከዚያ የጋዝ ምድጃውን ለኩሶ ብረቱን ያግልና ከታንኪው ጋር አንድ ዘር የሆነ ፕላስቲክ ስንጥቁ ላይ እያቀለጠ ይሰፋዋል። ማስቲሽ ይዞ የሚጠብቀው ደንበኛ ካጋጠመው ይቆጣል። "ይሄ ፕላስቲክ ማስቲሽ አይቀበልም፣ ምንም ነገር አይዘውም። ከራሱ ዘር ጋር አቅልጠህ ካላዋሃድከው ነገ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ታገኘዋለህ" ብሎ ያብራራል። ሲያብራራ ደግሞ ማቆሚያ የለውም፤ ሰው ምሳው እየቀዘቀዘበት ቆሞ ይሰማዋል።

እንዲህ አፈኛ የሆነው ሰውዬ አስቴር ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይታሰራል።

አስቴር የአዳማ ልጅ ናት። ለባሏ ብላ ኤደን መጣች፣ ባሏ ሞተ፣ እሷ ቀረች። ክሬተር ገበያ መሃል የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላት፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ ወንበር፣ የአገሩ ሰው ደባ የሚለው ቢጫ ጀሪካን። ሱቁ ከታች ነው፣ ቤቷ ከሱቁ በላይ፣ ታንኪዋ ደግሞ ጣራው ላይ። ኤርምያስ ሱቋ የሚመጣው ሊገዛ አይደለም። የወንበር ክንድ በአውራ ጣቱ ያሻል፣ ነጭ ዱቄት ከወጣ "ይሄን ፀሐይ በልቶታል፣ ከባድ ሰው እንዳታስቀምጪበት" ይላታል፣ ይሄዳል። ደንበኛ ፊት እንኳ አያፍርም። አንድ ጊዜ ሳፋ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ አሮጌ ሳፋዋ መሰንጠቁን ስትነግራት "አምጪው፣ እሰፋዋለሁ" ብሎ ገበያዋን ዘጋባት።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ልሸጥ ነው ወይስ አንተ ልትሰፋ?" አለችው አስቴር።

"የሚሰፋ ነገር ለምን ይጣላል?" አለና በሰበቡ የልቡን ሳይናገር ወጣ።

የሻዩን ነገር ካልነገርኳችሁ ደግሞ ፍቅር ምን እንዳደረገው አይገባችሁም። የውሃ ጠርሙስ ለፈላ ነገር እንዳልተሠራ ለስንቱ የሰበከ ሰው፣ አንድ ቀን በወተት የፈላ የኤደን ሻይ ሊያመጣላት ፈልጎ፣ ከመቸኮሉ የተነሳ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ አስቀዳው። ሱቋ እስኪደርስ ጠርሙሱ ተኮማትሮ፣ አንገቱ ተጣሞ፣ ሊሞት የደረሰ ፍጡር መስሎ ነበር። አስቴር ጠርሙሱን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች። በነጋታውም ሲያልፍ ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን ትታ "ያ ሙሐንዲስ" ነው የምትለው፣ በአረብኛ አንተ መሐንዲስ ማለቷ ነው። እሱም ከሰው ሁሉ አፍ ይልቅ ከእሷ አፍ የወጣውን ይሄን ስድብ ይወደው ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሃል አስቴር ዕቃዋን በርካሽ መሸጥ ጀመረች። ለምን ሲሏት "አገሬ ልገባ ነው፣ እኅቴ ጋ። ብቻዬን እዚህ ምን አደርጋለሁ?" ትላለች። ኤርምያስ ይህን የሰማው የሌላ ሰው ጣራ ላይ ሆኖ ነው። ያን ቀን የሰፋው ስፌት ጠማማ ሆነ። ምግብ አልበላ አለው፣ እንቅልፍም አልወስድ አለው። አስቴር ከሄደች ሱቁ ተዘግቶ፣ የሌላ ሰው ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ሊያይ ነው። በመጨረሻ ወደ ጋሼ ወልደ ሥላሴ ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። "እንዳትሄድ ያስቀሩልኝ" አላቸው።

ጋሼ ወልደ ሥላሴ ወደቡ ላይ በጸሐፊነት ያረጁ፣ በልጅነታቸው ኤደንን ይገዙ ከነበሩት እንግሊዞች የለቀሙትን ቃል እስከ ዛሬ ያልጣሉ ሽማግሌ ናቸው። "ኦልራይት" አሉ። ሚኒባስ የሚነዳውን ሀብቶምን ጨመሩና ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ዓርብ ሀብቶምም ሥራ የለውም፣ ሱቁም ዝግ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ኤርምያስ የአስቴርን ታንኪ ሊጠግን ቀጠሮ ይዞላት ነበር።

አያችሁ? ሽማግሌ የላከ ሰው ከተላከበት ቤት አይደለም ከመንደሩም አይታይም። ራቅ ብሎ ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ መልሱን ይጠብቃል፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ኤርምያስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቀድሜ ጨርሼ እወርዳለሁ ብሎ ነበር፣ አለ በኋላ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ውሸቱን ነው። ስንጥቁ ከታንኪው ትከሻ ላይ ያለ ትንሽ ነገር ነው፣ ሻይ እስኪፈላ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ብረቱን ያግላል፣ ያቀዘቅዛል፣ ደግሞ ያግላል። የሽማግሌዎቹን ድምፅ ከበር ሲሰማ እንኳ አልወረደም።

ከታንኪው አጠገብ ከጣራው ወለል ወደ ታች የሚወርድ የፒቪሲ ቱቦ አለ። ድሮ የዝናብ መውረጃ ነበር፤ ኤደን ላይ ዝናብ ብርቅ ነውና ቱቦው ሥራ ፈትቶ፣ ታች አስቴር ሳሎን ጥግ ላይ ተሰብሮ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ኤርምያስ የጋለውን ብረት በቀኝ እጁ እንደያዘ ቁጢጥ አለና ጆሮውን ቱቦው ላይ ጣለ። ፒቪሲ ድምፅ እንዴት አድርጎ እንደሚያመጣ ብታዩ ትገረማላችሁ። ሳሎን የተቀመጠ ያህል ነው የሚሰማው።

"ጋሼ፣ በዚህ ፀሐይ? ቁጭ ይበሉ እንጂ። ሀብቶም፣ ወንበር ሳብ" አለች አስቴር።

"አንቀመጥም ልጄ። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሼ ወልደ ሥላሴ።

ይህን ቃል የሰማች ሴት ምን እንደመጣ ወዲያው ይገባታል፤ ሽማግሌ የሚቆመው ለአንድ ነገር ነው። አስቴር ግን አባቷም የለ፣ ወንድሟም የለ፤ የራሷን ሽማግሌ ራሷ ልትሰማ ሆነ።

"ከማን ዘንድ ነው የመጣችሁት?" አለች ቀስ ብላ።

"ከልጃችን ከኤርምያስ።"

ኤርምያስ ትንፋሹን ዋጠ።

"የትኛው ኤርምያስ? ያ ፕላስቲክ እያቃጠለ የሚያሸተው?" ድምፅዋ ከመቅጽበት ቀረበ፣ ወደ ጥጉ ተጠግታ የምትናገር ይመስል።

"ጀንትልማን ነው" አሉ ጋሼ።

"አይጠጣም፣ ጫት አይቅምም" አለ ሀብቶም።

"ያሸታል እንጂ አይቅምም፣ እሱማ እውነት ነው" አለች አስቴር።

ጋሼ ወልደ ሥላሴ ነገሩ እንዳልያዘ ገባቸው መሰለኝ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ልጁ ሰላሕ አድ-ዲን በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ባሕር የሚያይ ቤት አለው አሉ። ኤርምያስ ጣራው ላይ ዓይኑ ፈጠጠ። ቤቱ የኪራይ አንድ ክፍል ነው፣ መስኮቱም የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። የተማረ ሰው ነው አሉ ጋሼ ቀጥለው፣ ፋብሪካ ሁሉ ይፈልገዋል አሉ። ኤርምያስ ከንፈሩን ነከሰ። አንድ ቃል በቱቦው ቢልክ ይጋለጣል፣ ዝም ቢል ደግሞ በሐሰት ሊዳር ነው።

"ለመሆኑ ምን ብሎ ላካችሁ?" አለች አስቴር።

"እንዳትሄጂ" አለ ሀብቶም።

"እንዳትሄጂ ብቻ?"

"አይ፣ ደግሞ እንድታገቢው።"

"ቅደም ተከተሉ ጥሩ ነው" አለችና ጸጥ አለች።

ያ ጸጥታ ነው ጉድ ያመጣው። ዝምታዋ ሲረዝምበት ኤርምያስ ጆሮውን ይበልጥ ቱቦው ውስጥ ሰካ፣ ወደፊት ተንጋደደ፣ ቀኝ እጁን ሳያስበው ወደ ኋላ ተደገፈበት። የጠፋ ሻማ ሸተተው። "ፖሊኢትሊን ነው" አለ በልቡ፣ ልማዱ ነውና። ከዚያ የማን ፖሊኢትሊን እንደሆነ ገባው።

ብረቱን ሲነቅለው ከታንኪው ከሥሩ ከፍ ብሎ አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ከፍቷል። ውሃው ፈንጠር ብሎ ደረቱን መታው፣ ጣራው ላይ ፈሰሰ፣ በቱቦው አፍ ገባ። ኤርምያስ ያገኘውን ወተፈበት፤ ያገኘው ደግሞ የራሱን ቀኝ አውራ ጣት ነው። ልክ ገባ።

ታች ደግሞ ውሃው በቱቦው ወርዶ ጋሼ ወልደ ሥላሴ በቀለም ያበሩት ጫማ ላይ አረፈ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

"ጋሼ፣ ውሃ እኮ ነው" አላቸው ሀብቶም።

"ይሁን። ጉዳያችን መልስ አላገኘም።"

አስቴር አልደነገጠችም። ሳፋ አምጥታ ከቱቦው ሥር ጠጋ አደረገች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በተሰበረው ቱቦ ውስጥ "ያ ሙሐንዲስ፣ ምን ሆንክ?" አለች።

ኤርምያስ ጣቱን ይበልጥ ወተፈ።

"መኖርህን አውቃለሁ። ከመጡ ጀምሮ ስትተነፍስ ይሰማኛል።"

ምን ይበል? ያን ሁሉ ጊዜ ልቡ ውስጥ ሲያዘጋጅ የኖረው ቃል ነበር፣ ያማረ ቃል፤ አሁን አፉን ከቱቦው ገጠመና "ታንኪሽን በሳሁት" አላት።

ሳቃችሁን ቆይታችሁ ሳቁ፤ ነገሩ ቀላል አይደለም። ክሬተር ውሃ በየቀኑ አይመጣም። በመጣ ቀን የሞላ ሞላ፣ ያልሞላ እስኪመለስ ይጠብቃል። የዚያን ጠዋት መጥቶ ታንኪው እስከ ስንጥቁ ሥር ሞልቶ ነበር። ጋሼ ወልደ ሥላሴ ጥቂት አሰቡና "ደረጃ መውጣት መቀመጥ አይደለም" ብለው ፈረዱ፤ ሦስቱም ተያይዘው ጣራ ወጡ።

ኤርምያስ ቁጢጥ ብሎ፣ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተለጥፎ፣ አውራ ጣቱን ታንኪው ውስጥ እንደሰካ አገኙት። ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሊያስረዳ ሲጀምር ግን ፕላስቲክ ነውና አፉ ተፈታ፤ እርጥብ ላይ እንደማይሰፋ፣ ውሃው ከቀዳዳው በታች እስኪወርድ ጣቱን ማንሳት እንደማይችል፣ ውሃው ደግሞ እንዲሁ ቢፈስ ለአስቴር የሚጠጣ እንደማይቀራት ነገራቸው።

"እና ውሃዬን የት ላድርገው?" አለች አስቴር።

"ዕቃ አለሽ" አለ ኤርምያስ። "ሱቅ ሙሉ ዕቃ አለሽ።"

እውነቱን ነው። ልትበትነው የነበረ ዕቃ ሁሉ ወደ ጣራ መውጣት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን እንደያዙ ባልዲ ተሸካሚ ሆኑ። ሀብቶም ስሱን ሳፋ አመጣና ሞልቶ በአንድ ጎን ሲያነሳው ሳፋው ታጥፎ ውሃው ጭኑ ላይ ፈሰሰ። "እሱ ለልብስ ነው፣ ወፍራሙን አምጣ" አለው ኤርምያስ፣ ጣቱን ሳያነሳ። ጋሼ ወልደ ሥላሴ በእያንዳንዱ ጉዞ አንዲት ጆግ ብቻ ነበር የሚያመጡት፤ በክብር ግን ነው የሚያመጧት። አስቴር ከታንኪው ሥር ያለውን ቧንቧ ከፍታ ትሞላለች፣ የሞላውን ወደ ጥላው ትገፋለች። ኤርምያስም በግራ እጁ ባልዲ ይይዝላታል።

ሽማግሌዎቹ ደባ ሊያመጡ ሲወርዱ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

"ከዚህ በፊት የሰው ታንኪ በስተህ ታውቃለህ?" አለችው።

"አላውቅም።"

"እኔ ቤት ጀመርክ።"

ውሃው ባልዲው ውስጥ ይንዶለዶላል። አስቴር ዓይኗን ከባልዲው ሳታነሳ "ለምን ራስህ አልጠየቅከኝም?" አለችው።

"እምቢ ካልሽኝ" አለ፤ "እምቢ ካልሽኝ በነጋታው በምን ሰበብ ሱቅሽ እመጣለሁ ብዬ ነው። ወንበሩን ለማሸትም ፊት ያስፈልጋል።"

ከንፈሯ ሊስቅ ፈለገና ተወው። "ኤርምያስ፣ ስማኝ። ልሄድ ነው ያልኩት ላስፈራራህ አይደለም። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ በር ቆልፌ ብቻዬን ነው የምበላው። እኅቴ እያረጀች ነው፣ ነይልኝ እያለች ነው። ሽማግሌ ቢመጣም ባይመጣም እሄዳለሁ።"

ፀሐዩ አናቱን እየመታው የኤርምያስ ሰውነት በረደ። እጁ ላላ፣ ውሃው በጣቱ ዙሪያ ፉጨት ለቀቀ።

"ጣትህን" አለችው።

መልሶ ወተፈ። ሌላ የሚወትፈው ነገር አልነበረውም። አልቅስ አልቅስ አለው፤ ትልቅ ሰው ነውና ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ተራራ አየ።

"አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ" አለች አስቴር። ባልዲው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፣ ውሃ የምትቆጥበዋ አስቴር ቧንቧውን አልዘጋችም። "እኔን አትሂጂ ብለህ ሰው ልከሃል። አንተን ግን ና ያለህ ሰው አለ? አትመጣም?"

ይህን አላሰበውም ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ፣ ፕላስቲክን ሁሉ አሽትቶ የሚለይ ሰው ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበውም። አባቱ ወደዚህ አገር መጥቶ እሱን እዚሁ ወለደው፤ አገር ቤትን በስልክ ካልሆነ አያውቃትም። መሄድ የሌላ ሰው ሥራ ይመስለው ነበር፤ በረሃ አቋርጠው ወደ ሳዑዲ የሚያልፉት ልጆች ሥራ፣ የአስቴር ሥራ። እሱ ሰው ሲሄድ ቆሞ የሚያይ ነው። ቀና አለ። ከተራራው ሥር እስከ ገበያው ድረስ ጣራው ሁሉ ታንኪ ነው፣ ጥቁሩም ነጩም፤ ከዚህ ሆኖ እንኳ የራሱን ስፌት የሚለይባቸው አሉ። እነዚህን ሁሉ ትቶ መሄድ አሳዘነው። አስቴርን ትቶ መቅረት ደግሞ ከዚያ ይብስበታል፤ ይህንን ለማወቅ ብዙም አልቆየም።

"አዳማ ላይ ታንኪ ይሰነጠቃል?" አላት።

"ፀሐይ አለ፣ ለምን አይሰነጠቅም።"

"የሚሰፋውስ ሰው አለ?"

"እኔ እንጃ። ካለም ሊጠግን ገብቶ የማይበሳ ይሆናል።"

"ቤቱ እኮ የኪራይ ነው" አለ ኤርምያስ። "ባሕርም አያይም። የተማርኩም አይደለሁ፣ ፋብሪካም አይፈልገኝም።"

"ጋሼ ሲዋሹ ከዚህ ላይ ስትንተፋተፍ ሰምቻለሁ" አለች አስቴር። "እኔ የጠየቅኩህ ሌላ ነው።"

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ደባ በደባ ሆነው ብቅ አሉ፣ ላብ አጥምቋቸዋል። ጋሼ ወልደ ሥላሴ ጆጋቸውን አስቀምጠው ኮታቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ ልጄ፣ መቆሙ ከበደን። ምን አልሽን?"

"እምቢ" አለች አስቴር። "እንዳትሄጂ ነው ያላችሁኝ፣ እኔ ግን እሄዳለሁ።"

ሀብቶም የያዘውን ደባ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ኤርምያስን ማየት ከብዷቸዋል።

"አሁን የእኔን ስሙኝ" አለች። "እዚህ አገር የሚላክልኝ ወገን የለኝም። ያላችሁኝ ሽማግሌዎች እናንተ ናችሁ። እስካሁን የእሱ ነበራችሁ፣ ከአሁን በኋላ የእኔ ሁኑና ጠይቁልኝ። አስቴር አብረን እንሂድ ብላለች በሉት፣ በሥርዓቱ።"

ጋሼ ወልደ ሥላሴ ሀብቶምን አዩ፣ ሀብቶም ጋሼን አየ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው አልሰሙም። ቢሆንም ላኪ ላኪ ነው። ጎን ለጎን ሆነው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ታንኪው ሥር ቁጢጥ ካለው ሰውዬ ፊት ለፊት ቆሙ። "ልጃችን ኤርምያስ" ብለው ጀመሩ ጋሼ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ "ከአንዲት ከተከበረች ሴት ዘንድ ተልከን…"

"እሺ" አለ ኤርምያስ።

"ቆይ እንጂ፣ አልጨረስንም።"

"እሺ ብያለሁ፣ ጋሼ። እሺ።" እንባው መጣ። ግራ እጁ ባልዲ ይዟል፣ ቀኝ ጣቱ ታንኪው ውስጥ ነው፣ የሚጠርግበት እጅ የለውም። አስቴር ቧንቧውን ዘጋች፣ ጎኑ ቁጢጥ አለችና በሻርፗ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት።